የትርሲት ሳጥን

ጨንቻ ላይ ሰው በጠዋት ሲገናኝ አስቀድሞ ጤና ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ሳጥን። «ሳጥናችሁ ደህና ነው?» ይላል አንዱ፣ ጭጋጉ ውስጥ ፊቱ ሳይታይ። «ደህና ነው፣ ተመስገን። የእናንተስ?» «ደህና ነው።» ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይሄዳል። ኤርጎጌም ከቤቷ እስከ መጋዘኑ ድረስ ይህንኑ እየመለሰች ነው የምትሄደው። አንዳንዴማ ማንም ሳይጠይቃት «ደህና ነው» ብላ ታልፋለች፤ አፏ ለምዶታል።

ልጅ ሲወለድ በዚያው ዓመት ከተለቀመው አፕል አንድ ሳጥን ሙሉ ይመረጥና የልጁ ስም ተጽፎበት መጋዘን ይገባል። ልጁ ሲዳር ይወጣል። ሙሽሮቹ ይገምጣሉ፣ እድምተኛው ይገምጣል፣ አለቀ። እንግዲህ አፕል ሃያና ሠላሳ ዓመት እንዴት ይቆያል ብሎ የሚጠይቅ እዚያ አገር የለም። ወተት እየጠጣ ነዋ! ወተት የሚሉት ርጭቱን ነው። ነጭ ስለሆነ ነው እንጂ ካልሲየም ነው፣ ሌላም ሌላም አለበት። አበባው ረግፎ ፍሬው ጥፍር ሲያክል ይረጫል፣ መቅላት ሲጀምር ይረጫል፣ ሊለቀም ሲል ይረጫል፤ መጋዘን ከገባም በኋላ በየሳምንቱ ይረጫል። ድሮ ድሮ የሚረጨው ዛፉ ላይ ብቻ ነበር አሉ፤ ፍሬው ጠቃጠቆ እንዳያወጣ፣ አንድ ሁለት ወር ሳይሟሽሽ እንዲቆይ። ጥሩ ሠራ። ጥሩ ስለሠራ ጨመሩበት። አሁን የሚሟሽሽ ነገር የለም።

ኤርጎጌ ወተት አጠጪ ናት። መርጫውን በጀርባዋ አዝላ ሦስተኛው ክፍል ትገባና ከወለል እስከ ጣሪያ በተደረደሩት ሳጥኖች መሀል እየተዘዋወረች ታጠጣለች። ክፍሉ ብርድ ነው። ያ ሁሉ አፕል አንድ ላይ ተቀምጦ ምንም አይሸትም፤ የታጠበ ብርጭቆ ማለት ነው። አጠጥታ ስትጨርስ ጓንቷን አውልቃ ፍሬውን በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች ትፈትሻለች። ጣቷ ካልሰመጠ ደህና ነው። ሰምጦም አያውቅ። ወተቱ የጣቶቿን ቆዳ ነጭና ልሙጥ አድርጎታል፤ መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ ማሽኑ አሻራሽን አላነብም ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያንከራትታት ነው የዋለው። «እትዬ ኤርጎጌ፣ እርስዎም እኮ እንደ አፕሉ ሆነዋል፣ አያረጁም!» ይላታል የመጋዘኑ ኃላፊ ወጋየሁ። ቀልድ መሆኑን ስለምታውቅ ትስቅለታለች።

መጋዘኑ በር ላይ የተለጠፈ ደንብ አለ፤ ያልተለጠፈም ደንብ አለ። የተለጠፈው፣ የስም ሳጥን ውስጥ ያለ ፍሬ ከሠርጉ ቀን በፊት አይቆረጥም፣ ጥራቱ የሚታየው ከላይ በመልኩና በጥንካሬው ብቻ ነው ይላል። ያልተለጠፈውን ደግሞ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ሬሳ ደጅ ድረስ እስካልመጣ፣ ሳጥኑም ወተት እየጠጣ እስካለ፣ ለቤተሰብ መርዶ አይነገርም። እንዴት እንደተጀመረ የሚያስታውስ የለም። አንዲት እናት ለምና ይሆናል፣ «እባካችሁ አፕሉ እስኪበላሽ ድረስ ታገሡኝ» ብላ። ታገሧት። አፕሉ አልተበላሸም። ከዚያ ሌላዋም ለመነች። ባሕር የበላው፣ በረሃ የበላው፣ የት እንደደረሰ ያልታወቀው ልጅ ሁሉ፣ ሳጥኑ መደርደሪያ ላይ ስላለ እሱም አለ። እድሩ ድንኳን የሚጥለው ሳጥን ላልነበራቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብቻ ሆነ፤ እሱም ከስንት አንዴ። ወጣት ይሞት የነበረው ድሮ ነው።

የትርሲት ሳጥን ከግድግዳው በኩል፣ ከታች ሁለተኛው ነው። ትርሲት የኤርጎጌና የአንጁሎ አንድ ልጅ ናት። አፕሉን አባቷ ከገዛ ዛፉ በእጁ ነው የለቀመላት፤ አንዷን ሲያነሳ አንዷን ሲጥል፣ ጎረቤት «ኧረ ለንጉሥ ልታቀርብ ነው እንዴ?» እያለ እስኪስቅበት ድረስ። ትርሲት አድጋ ከጓደኞቿ ጋር ተማክራ፣ ሰው ቤት ሠርቼ እልክላችኋለሁ ብላ ባሕር ልትሻገር ወጣች። ከዚያ አንድ ቀን አብራት የነበረች ልጅ ደወለች። አንጁሎ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል። «ማን ነው?» አለችው። «መስመሩ ተቆራረጠብኝ» አላት። ኤርጎጌ የያዘችውን ሳህን አጥባ ጨረሰች፣ አደረቀቻት፣ ቦታዋ አስቀመጠቻት። በማግስቱ መጋዘን ሄዳ አጠጣች። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታቸው ስለዚያ ስልክ የተነሳ ነገር የለም።

ሰው ሲጠይቃት «ትርሲትስ?» «ደህና ናት።» «ትደውላለች?» «መስመሩ አስቸጋሪ ነው።» «እውነትሽን ነው፣ የኛዎቹም እንደዚሁ ናቸው።» እንዲህ ነው። ጠያቂውም ያውቃል፣ ተጠያቂዋም እንደሚያውቅ ታውቃለች። ኤርጎጌ ይህን ስትመልስ የሚያማት ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ይያዝ ነበር፤ አሁን እሱም ተወ።

በጥቅምት የባልደረባዋ የፀዳለ ልጅ ተዳረች። ፀዳለ ሁለተኛው ክፍል የምታጠጣ፣ አፏ የማያርፍ፣ ሳቋ ከመጋዘን ውጪ የሚሰማ ሴት ናት። «አንቺ ኤርጎጌ፣ ጓዳ የምትይዢልኝ አንቺ ነሽ፤ እምቢ ካልሽ ሙሽራዋን አንቺው ጋ ነው የማመጣልሽ!» አለቻት። ኤርጎጌ ሄዳ ጓዳ ያዘች። ከምሳ በኋላ ሳጥኑ ድንኳን ውስጥ ገባ። እልልታው ቀለጠ። አፕሎቹ ትናንት የተለቀሙ ይመስላሉ፤ ቀያይ፣ የሚያብረቀርቁ፣ እከክ እንኳ የሌለባቸው። ሙሽራዋ ስትገምጥ ቀጭ የሚለው ድምፅ እስከ ጓዳው ተሰማ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ኤርጎጌም አንድ ደርሷት ገመጠች። ውሃ ነው። ቀጭ ይላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ምላስ ላይ ኖራ ኖራ ይላል። አጠገቧ የቆሙት አዛውንት እያኘኩ «ማር ነው!» አሉ። «ማር ነው» አለች እሷም። ወጉ እንዲህ ነው፤ ዙሪያውን በልተህ፣ መሀሉን ሳትመለከት፣ ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ ትጥላለህ። ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ «ነውር ነው» ይባላል፤ ከዚያ በላይ የሚነገር ነገር የለም።

ችግሩ ቅርጫቱን የሚደፋ ሰው ማስፈለጉ ነው። ጓዳ የያዘችው ኤርጎጌ ናት። ከቤቱ ኋላ ወስዳ ስትገለብጠው ክዳኑ ወደቀና መሀል መሀሉ መሬት ላይ ተበተነ። መጀመሪያ ትል መሰላት። ጎንበስ ብላ አየች። ዘሩ ነው። ከየአፕሉ መሀል ዘሩ ጎንቁሎ ነጭ ሥር አውጥቷል። ሥሩ መውጫ ቢያጣ ያችው ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ተጠቅልሏል። አንዳንዱ ሁለት ቅጠል ነገር አውጥቶ ነበር፣ ብርሃን ስላላገኘ ገርጥቷል። አብዛኛው ደርቆ ጠቁሯል። ከላይ ግን እኮ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጣት የማያስገባ!

ፀዳለ በጓሮው በር ብቅ ብላ አየቻት። የሠርግ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ነበር፤ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ደፋሽው?»

«ፀዳለ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አፈር መልሺበት።»

«ታውቂ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ፣ አንቺ? ሠርግ የደገሰ ሁሉ ያውቃል።» ፀዳለ በእግሯ አፈር ገፋ ገፋ አደረገች። «እስኪ አሁን ይሄ ይወራል? ልጄ እየተዳረች? ነይ ግቢ፣ ቡና ልናፈላ ነው፣ ሰው ይፈልግሻል።» ከዚያ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእኔዋ እንኳ አለች። በእግሯ ሄዳ ተዳረች። እንግዲህ የአፕሉ ውስጥ ምን ሆነ ምን፣ ምን ያደርግልኛል?» አለች። ይህን ካለች በኋላ ለማን እንደተናገረችው ትዝ አላትና ከንፈሯን ነከሰች። ኤርጎጌ አፈሩን በእጇ መለሰችበት፣ ቅርጫቱን አራግፋ ገባች።

ቤቷ ስትደርስ አንጁሎ አልጋው ላይ ትራሱን ደገፍ ብሎ ተቀምጧል። ልቡ ከደከመ ከርሟል። ሐኪሙ ባለፈው «አባባ፣ እንግዲህ ቤትዎ ይሁኑ፣ የሚወዱትን ይብሉ» ብሎ ሸኝቶታል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ዛፎቹን የአፕል አምራቾቹ ማኅበር ተረክቧቸዋል። ቀኑን በመስኮት ሲያያቸው ይውላል።

«ሠርጉ እንዴት ነበር?» አላት።

«ጥሩ ነበር። አፕሉ ማር ነው።»

«እህ።» አለ አንጁሎ። ከዚያ፣ «ኤርጌ፣ ነይማ እዚህ ተቀመጪ» አላት። እንዲህ ብሎ ሲጠራት ነገር አለው። ተቀመጠች። «ያንቺን ልብ ማስቀየም አልፈልግም፤ ይኸው ዝም ብዬ ኖርኩ። ደግሞ ዝም ያልኩት አንቺ ስለፈለግሽ እንጂ ለእኔ ብዬ አይደለም። አሁን ግን እኔ ልሄድ ነው። ሳላለቅስላት ልሄድ ነው።»

ኤርጎጌ ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ ሳብ አደረገችለት።

«አንድ ቀን ብቻ። ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው መጥቶ፣ ስሟ ተጠርቶ። አባት ነኝ እኮ! እኔ ቀድሜ ከሞትኩ ላንቺ ማን ይነግርሻል? አንቺ እንደሆነ እስክትሞቺ ልታጠጪ ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ያጠጣታል። ማንነቷን የማያውቅ ሰው ያጠጣታል። ልጄ እስከ መቼ ነው መጋዘን የምትቀመጠው?»

«ደህና ናት» አለች ኤርጎጌ።

አንጁሎ አያት። ሊቆጣ አስቦ ነበር፣ አቅሙ አልነበረውም። «እሺ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ኤርጎጌ ተነስታ እራት አቀረበች። እሱ አልበላም፤ እሷ በላች። ምን እንደበላች ብትጠየቅ አታውቀውም።

ሰኞ ጠዋት መጋዘን ገባች። መርጫዋን ሞላች፣ አዘለች፣ ሦስተኛው ክፍል ገብታ ከበሩ ጀምራ ማጠጣት ያዘች። የምታውቃቸው ስሞች ናቸው። ይሄ የእከሌ ልጅ፣ የት እንዳለ ያልታወቀ። ይቺ የእከሊት፣ «መስመሩ አስቸጋሪ ነው።» ይሄ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚዳር። እየቆጠረች አይደለም፣ ዐይኗ ስለሚያነብ ነው። ግድግዳው ጋ ስትደርስ መርጫውን አወረደች።

የትርሲትን ሳጥን ጎትታ አወጣች። ከፈተችው። ከላይ ያለችውን አነሳች። አንጁሎ ሲመርጣት ስንት ጊዜ አገላብጦ አይቷት ይሆን። ቀይ ናት፣ ከጎኗ ቢጫ ነገር አላት፣ ጠቃጠቆ የለባትም። ቢላዋ ከኪሷ አወጣች፤ ገመድ የምትቆርጥበት ነው። ቆረጠቻት።

ሥሩ እዚያው ዞሮ ነበር። ሁለት ዘር ጎንቁሎ ነበር፣ ሁለቱም ጠቁረዋል። ሌላዋን ቆረጠች። እሷም። ሦስተኛዋን ቆረጠች። ከነዚህ መካከል አንዷ እንኳ አረንጓዴ ነገር ብታገኝ ምን ልታደርግ እንደነበር እሷም አታውቀውም፤ ምናልባት ሳጥኑን መልሳ ዘግታ ታጠጣው ነበር። ግን አልነበረም። በነጣው ጣቷ ደረቁን ሥር ነካችው፤ ብን ብሎ ጠፋ። በጣም የቆየ ነው። እሷ በየሳምንቱ ላዩን ስታጠጣ፣ ስትፈትሽ፣ «ደህና ነው» ስትል፣ ውስጡ ካለቀለት ዓመታት አልፎታል።

ወጋየሁ በክፍሉ መስታወት አይቷት ሮጦ መጣ። «እትዬ ኤርጎጌ! ምን እያደረጉ ነው? የስም ሳጥን እኮ ነው! ኧረ በማርያም!»

«የልጄ ነው።»

«የማንም ይሁን፣ ደንብ አለ እኮ! ሳይዳሩ…»

«ወጋየሁ፣» አለችው፤ ድምፅዋ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነበር፣ «አንተ እኮ ልቅሶ ደርሰሃል። ሰው ሲሞት ዕቃው ይወጣል አይደል? ይሄም ይውጣ።»

ወጋየሁ ቀረብ አለ። ተቆርጠው የተዘረጉትን አፕሎች ሲያይ ፊቱን በፍጥነት አዞረ፤ ሠርግ ላይ እንደሚደረገው። የሱም ወንድም ሳጥን ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አለ። አልከለከላትም። ኤርጎጌ መርጫዋን በሩ አጠገብ አስቀምጣ፣ ሳጥኑን ታቅፋ ወጣች። ከተማው ውስጥ ስታልፍ ሰው «ሳጥናችሁ…» ብሎ ይጀምርና የታቀፈችውን ሲያይ ይተወዋል።

ቤቷ ስትደርስ ሳጥኑን ጓሮ አስቀምጣ ገባች፤ ለአንጁሎ ምንም አልነገረችውም። ወግ ወግ ነው። ሴት ለገዛ ባሏ በምሳ ሰዓት ዘው ብላ መርዶ አትነግርም። ሽማግሌ ያስፈልጋል፣ ማለዳ ያስፈልጋል።

ሊነጋጋ ሲል ተነስታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ሄዳም የእድሩን ሊቀመንበር የጋሽ ታንቱን በር አንኳኳች። ጋሽ ታንቱ መርዶ በማርዳት የታወቁ ሰው ነበሩ። እሳቸው ነግረውት ራሱን የሳተ ሰው የለም ይባልላቸው ነበር፤ አሁን ግን ሥራ ፈትተዋል። በሩን ከፍተው ነጠላዋን ሲያዩ ግንባራቸውን ያዙ።

«ወይኔ አንጁሎ! መቼ?»

«አይ፣ አንጁሎ አለ። ትርሲት ናት።»

ጋሽ ታንቱ የበሩን መቃን ያዙ። ያልሰሙት ነገር ሆኖ አይደለም፤ ከሁሉም ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። ግን ቃሉ ሲነገር ሰምተው አያውቁም። «ትርሲት…» አሉ። «የኔ ልጅ፣ እርግጠኛ ነሽ? ከተነገረ እኮ አይመለስም። ነገ ጠዋት ሰው ሳጥን ሲጠይቅሽ ምን ልትይ ነው?»

«ቆርጬ አይቼዋለሁ። አባቷ ማልቀስ ይፈልጋል። መርዶውን አምጡልኝ፤ እናንተ ናችሁ የምታመጡት። እኔ ብነግረው አያምርም።»

ጋሽ ታንቱ ሁለት ሽማግሌዎች ከየቤታቸው ቀሰቀሱ። አንዳቸው ጋቢያቸውን ገልብጠው ነው የለበሱት፤ ጊዜው ረዝሞ ተደናግረዋል። በጭጋጉ ውስጥ አራት ሆነው ሄዱ፣ ኤርጎጌ መሀላቸው። የገዛ ልጇን መርዶ ይዛ ወደ ገዛ ቤቷ ስትሄድ፣ ልቧ ይመታ እንደሆነ ለማወቅ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ይመታል። እንደ ማንኛውም ጠዋት ነው የሚመታው።

አንጁሎ አልተኛም ነበር። የእግር ድምፅ ሲሰማ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ እንዴት እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፣ በሩ ድረስ መጣ። ሽማግሌዎቹን አየ። በመካከላቸው ሚስቱን በተዘቀዘቀ ነጠላ አየ። ገብቶታል። ዓመታት ሙሉ ገብቶታል። ቢሆንም ወጉ እንደሚጠይቀው ጠየቀ።

«ምነው በጠዋት? በደህና ነው?»

ጋሽ ታንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድሮ የሚጀምሩበት አነጋገር ነበራቸው፣ እግዚአብሔር ሰጠ እግዚአብሔር ወሰደ የሚል፤ ከአፋቸው አልወጣም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያኔ ኤርጎጌ፣ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ «አንጁሎ፣ ትርሲት ሞታለች» አለች።

«ልጄን!» አለ አንጁሎ። «ልጄን! ልጄን!» ያ ልቡ የደከመ ሰው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሲያነሳ የሚያልበው ሰው፣ ድምፁ ቁልቁል እስከ ዛፎቹ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ በሁለት ብብቱ ያዙት፣ እሱ ግን መቆም አልፈለገም፤ ደጃፉ ላይ ወርዶ መሬቱን በሁለት እጁ መታው። ስሟን ጠራ። ደጋግሞ ጠራ። ከዚያ ጎረቤት በሩን መክፈት ጀመረ፤ አንዱ ጫማ ሳያደርግ፣ አንዷ ልጅ አዝላ። ወጣቶቹ እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉበት አያውቁም፤ ሲያዩ ቆዩና ትልልቆቹን ተከትለው ተቀመጡ።

እረፋዱ ላይ ድንኳኑ ተጣለ። አይጥ ነገር በልቶት ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ ሰማይ ያሳያል። ፀዳለ ከሩቅ ጀምራ እየጮኸች መጣች፤ ኤርጎጌ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ «እኔን! እኔን ይቁረጠኝ! ያን ቀን አፌን በቆረጠው!» አለች። ለቅሶው ወዲያ ወዲህ ተቀጣጠለ። ሴቶች የትርሲትን ስም ጠርተው ይጀምሩና መሀል ላይ ሌላ ስም ይገባባቸዋል፤ የራሳቸውን። ማንም አላረማቸውም። አንዲት እናት ከመካከል ተነስታ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ ወደ መጋዘኑ በሚወስደው መንገድ ሄደች። ትንሽ ቆይታ ሌላዋም ተከተለቻት።

ኤርጎጌ ከሴቶቹ መሀል፣ ከፊት ተቀምጣለች። የሚመጣው ሁሉ ይስማታል፣ ደረቷ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። እሷ አላለቀሰችም። ሞክራለች፤ ዐይኗን ጨፍና፣ አንጁሎ ከወንዶቹ በኩል የልጃቸውን ስም ሲጠራ እያዳመጠች። አልመጣም።

ከማዶ መንደር የመጡ፣ ትርሲትን የማያውቁ አንዲት ሴትዮ አጠገቧ ተቀመጡ። ከንፈራቸውን መጠው፣ እንደሚጠየቀው፣ ጠየቁ።

«ስንት ዓመቷ ነበር ልጅቷ?»

ኤርጎጌ እስከ ትናንት ድረስ በየልደቷ እየጨመረች ሠላሳ አንድ ትል ነበር። አፏ ሠላሳ ሊል ተከፈተ፤ ከዚያ ቆመ። ሴትዮዋ ጠበቋት።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች፤ ቀና ብላ ሰማይ በሚያሳየው ድንኳን አሻቅባ እያየች፣ የልጇን ዕድሜ ለራሷ ደግማ እየነገረች፣ «አሥራ ዘጠኝ። ልጅ ነበረች እኮ።»